ዱባ የማይበላ ዘር

እናቴ በሕይወቷ ሙሉ እንዲሁ የወደቀ ማንኪያ አይታ አታውቅም። ማንኪያ ከወደቀ እንግዳ ሊመጣ ነው። ቀኝ ዐይኗ ከተርገበገበ ደስታ አለ፤ ግራው ከሆነ መርዶ፤ ውስጥ እግሯን ከበላት መንገድ ልትሄድ ነው። ትን ካላት ደግሞ የሚያማት ሰው አለ፤ ማን እንደሆነችም ታውቃለች፤ ሁልጊዜ ያቺው ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። አባቴ ካረፈ በኋላ መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ትንሽ የድንጋይ ቤት ሁለታችን ብቻ ስንኖር የጠባችን ሁሉ ምንጭ ይኸው ነበር። እሷ ምልክት ነው ትላለች፤ እኔ አጋጣሚ ነው እላለሁ።

ማንኪያው የወደቀው እጅሽን ቅባት ስለነካው ነው ስላት፣ ቅባቱንስ ማን አስነካኝ ትለኛለች። እንግዲህ ይህን ክርክር የሚረታ ሊቅ ካለ ይምጣና ያሳየኝ። እንግዳ ሳይመጣ ሲመሽም አትሸነፍም። መጥቶ በሩ ዝግ ሆኖበት ተመልሷል ትላለች፤ ወይም በማግስቱ ጎረቤት ጨው ፍለጋ ብቅ ስትል፣ ይኸው ትናንት መምጣት የነበረባት ዛሬ መጣች ብላ በኩራት ታየኛለች። በዚህ አስተራረም ተማሪዎቼ በሙሉ መቶ ከመቶ ባገኙ ነበር።

እናቴ የላስታ ሰው ናት። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከዚያ ይዟት መጣ። መቐለ ላይ ስታረጅ እንኳ ትግርኛዋ ላስታ ላስታ ይላል። ሰፈሩ "አደይ" እያለ ያከብራታል፤ እሷም ስትናደድ በአማርኛ ትራገማለች፣ ስታዝን "ዋይ አነ" ትላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቆራቢ ሆናለች። እሁድ ቆርባ ስትመለስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ሥጋ ወደሙ የገባበት አፍ ወሬ አያበዛም፣ አይተፋም፣ ሰው አያማም። ለኔ ከሳምንቱ ቀናት ምርጡ ያ ነበር። ማንኪያ ቢወድቅ እንኳ ዝም ብላ ታየዋለች፤ እኔም በሰላም ፈተና አርማለሁ።

ሠላሳን ካለፍኩ ወዲያ ዋናው የምልክት ርዕስ እኔ ሆንኩ። ጎረቤት ቆሞ ቀር ሲለኝ እናቴ ክፍሏ ገና አልመጣም ብላ ትሟገትልኛለች። የኔ ክፍልማ ወንበር እንኳ የማይበቃው ዘጠነኛ ሐ ነው እላታለሁ፤ ስቃ ትተወኛለች። ማታ ስትጸልይ ግን ስሜን ደጋግማ ስታነሣ እሰማለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ቀልዱን የማበዛው ስለሚያመኝ ነበር። ባል እፈልግ ነበር፤ ደግሞ እንደነገሩ ያለ ባል ሳይሆን አብሮኝ የሚስቅ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አዲስ አበባ ስትበር አንድ ባልዲ ነጭ ማር ለዘመዶቻችን እንድታደርስልኝ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋት። ሻንጣ የሚመዝነው ሰውዬ ባልዲውን አየና ክዳኑ ያፈሳል፣ አይሄድም አለ። እኔ ደግሞ መቼ ዝም እላለሁ። ክዳኑን ራሴ እንዳሰርኩት፣ ባልዲው ከእሱ ሚዛን የበለጠ ዕድሜ እንዳለው፣ ማር የማያሳልፍ አገር በረከት እንደማያገኝ፣ ያልተናገርኩት የለም። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ አሳየኝ፤ እስከ ክርኑ ማር በማር ሆኗል። እጁ አንዴ ተበላሽቷልና ባልዲውን እሱው ተሸክሞ እስከ ውጭ ሸኘኝ።

ከበሩ ወጥተን የኲሓ ፀሐይ ግንባራችንን ስትመታን እንደ ልማዴ አነጠስኩ። ከተወለድኩ ጀምሮ ከጥላ ወደ ፀሐይ ስወጣ ሦስት ጊዜ ሳላነጥስ አልቀርም፤ ተማሪዎቼ ሰልፍ ላይ ጠብቀው አብረውኝ ይቆጥራሉ። እሱ ይማርሽ ሊለኝ አፉን ሲከፍት ራሱ አነጠሰ፣ ሦስት ጊዜ። በማር እጁ አፉን ሊይዝ አይችል፣ ባልዲውን ሊጥል አይችል፤ እዚያው ቆመን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ሕፃን ሆኖ ክርስትና ከተነሣ ጀምሮ እንዲህ ነው አለኝ። ማሩን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ እሱም በሳምንቱ አጥብቆ የሚገጥም ክዳን ይዞ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። በጾም ሰሞን ሮማናት አደባባይ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት በያይነቱ አዘን፣ ሁለታችንም ሳንነጋገር የዱባ ወጡን ወደ ዳር ገፋነው። በኛ ቤት ዱባ አይበላም አለኝ። ኧረ በኛም አይበላም አልኩት። የኛ ቤት ታሪክ እንዲህ ነው፦ አንድ ቄስ ቅድመ አያታችን ደጃፋቸው ላይ ዳዊት ሲደግሙ ጣራው ላይ የበሰለ ዱባ ተንከባሎ አናታቸውን አላቸው፤ ሲነቁ ከዘሬ ዱባ የቀመሰ ብለው ገዘቱ። በሱ ቤት ሲወራ ደግሞ አንድ ቄስ የዱባ ወጥ አንቋቸው ሊሞቱ ደርሰው ነበር። በዱባ የተጠቁ ቄሶች እንዲህ መብዛታቸው ገረመን። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እያልን ተሳሳቅን። እሱ የዋግ ሰው ነው፣ እኔ በእናቴ የላስታ፤ ሁለት አገር፣ ሁለት ታሪክ።

በወሩ ደግሞ አክስቱ ዘንድ ዝክር አለ ብሎ ወሰደኝ። የሚዘከረው ጻድቅ እናቴ በየወሩ የምትዘክረው ነው። የሁሉ ደጅ የሚያውቀው ጻድቅ ቢሆን ምንም አይደንቀኝም ነበር፤ ይሄኛውን ግን የመቐለ ቄስ እንኳ ስሙን ሲጠራ ያመነታል። ዝክሩ ላይ ከጓዳ ወደ ግቢ ስንወጣ ተከታትለን አነጠስን፤ አክስቱ እልል አለች።

እኔ፣ በምልክት ስቀልድ የኖርኩት ሴትዮ፣ በማግስቱ ተማሪ ከወጣ በኋላ ባዶ ክፍል ገብቼ ጠመኔ አነሣሁ። ፀሐይ የሚያስነጥሰው ሰው ከስንት አንድ ነው? ዱባ የማይበላስ? ያንን ጻድቅ የሚዘክርስ? በግምት አስቀመጥኩና አባዛሁ። የዜሮው ሰልፍ ሰሌዳውን ሞልቶ ወረደ። እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ አይሆንም አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ጉሮሮዬ እስኪነቃ የምነግራቸውን ግን አላስታወስኩም፦ የምታባዙት አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው ብቻ ነው። ፍቅር ይዞኝ ነበር፤ ምን ይደረግ።

ለእናቴ ስነግራት ልቤ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኩራት ይቅር ትበለኝና "ምልክት" የሚለውን ቃል በራሴ አፍ ተጠቀምኩ። እልል ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ስለ ንጥሻውና ስለ ዱባው ስትሰማ አገሩ የት ነው ያልሽው ብላ ጠየቀችኝ። ዋግ አልኳት። ዋግ ሰፊ ነው አለች። ከዚያ ተነሥታ እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ፤ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አለች፤ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ሽማግሌ የተላከው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከእነሱ ወገን አጎቱ፣ አንድ ቄስና አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ መጡ። በኛ አገር ሽማግሌ መጀመሪያ ልጅቱን አይጠይቅም፤ ዘር ይቆጥራል። ሰባት ቤት ሳይሞላ ዘመድ ከዘመድ አይጋባም፤ ፍቅር ቢሉ፣ ቀለበት ቢሉ፣ አይሰማም። በአባቴ በኩል ያለው ቶሎ ተቆጠረ፤ ምንም የሚያገናኝ የለም። በእናቴ በኩል የሚቆጥረው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ለዚሁ ሲባል ከላስታ በአውቶቡስ መጥቷል። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ያኔም ቆቡን ራሱ ላይ አድርጎ ቆቤን አያችሁ የሚል ሰው ነበር። እናቴና እኔ ጓዳ ነን፣ ከመጋረጃው ኋላ፤ ሴት በመሐል አይገባም።

አጎቱ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ እያለ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣና አንድ ቄስ ላይ ደረሰ። "ዱባ የገዘቱት" ብሎ ቆመ። ይህን ሲሰማ አጎቴ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። የጠፋ ዘመድ ያገኘ ሰው ደስታ ፊቱን ሞላው። እኛስ የማን ነን፣ የእሳቸው አይደለን እንዴ እያለ አጎትየውን አቅፎ ግራና ቀኝ ሳመው። እየሳመው ሳለ ቤቱ ጸጥ ማለቱን አላስተዋለም። አብሯቸው የመጣው ቄስ የስዋ ዋንጫውን መሬት አስቀምጦ፣ በስንት ነው የምትገናኙት ብሎ ጠየቀ። ከእነሱ ወገን ሰባት ሞልቷል። አጎቴ በጣቱ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ፤ ከእኛ ወገን ስድስት።

መጋረጃው ኋላ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ሰሌዳው፣ ያ ሁሉ ዜሮ! ንጥሻው የቄሱ፣ ዱባው የቄሱ፣ ጻድቁም የቄሱ። አንድ አፍንጫ ወርሰን ነው ከሰማይ የተላክን የመሰለን። ዘጠነኛ ሐ እንኳ የማይሳሳተውን ተሳስቻለሁ። ከዚያ ሳቁ አለቀና እንባ ሆነ። እሱ በዚያች ሰዓት ኲሓ አውሮፕላን ማረፊያ የሰው ሻንጣ እየመዘነ ነው፤ ማታ ምን ብዬ ነው የምነግረው? ወንድሜ ሆነሃል ልበለው? አፌን በነጠላ አፍኜ አለቀስኩ፤ ድምፄ ግን ሳይወጣ አልቀረም፤ እናቴ ዘወር ብላ አየችኝ።

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሽማግሎች መሐል ቆመች።

"ጋሼ፣ ከቄሱ ቀጥሎ አንድ ሰው ዘለልክ" አለች። "አንካሳውን ረሳኸው?"

አጎቴ አንካሳው ብሎ አፈጠጠ። በቅሎ የረገጠችው፣ አባባ ሲያወራልን የነበረው፣ አለችው በቀስታ። አጎቴ ረዥም ጊዜ አያት። የሚረሳ ሰው በሽማግሌ ፊት ረሳህ ሲባል አይወድም፤ እሷም ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቃለች። በመጨረሻ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ኧረ አንካሳው፣ ኧረ ምን ነክቶኛል አለ። ቄሱ እንደገና ቆጠረ። ሰባት ሞላ። እናቴ ወደ ጓዳ ስትመለስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ከደስታ ነው አልኩ።

አንካሳው ከዚያ ቀን ጀምሮ እያደገ ሄደ። አጎቴ ሁለተኛውን ስዋ ሲጨርስ የበቅሎዋን መልክ አስታወሰ፤ ዳለቻ ናት። ለሠርጉ ሲመጣ አንካሳው በአንድ እግሩ ነብር ገድሎ ነበር። እኔና ባሌ ለዚያ ሰውዬ በየበዓሉ ብርጭቆ እናነሣለት ነበር፤ ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከቅድመ አያቶቼ ሁሉ እሱን ነው የምወደው። ልጃችን ተወልዳ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ሦስታችን ተከታትለን ስናነጥስ ምእመኑ ሁሉ ዞሮ አየን።

ከሠርጉ በኋላ የተለወጠ አንድ ነገር ነበር፤ እሁድ ጸጥታው ጠፋ። እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ገና ከበር ስለ ማንኪያና ስለ ዐይን ታወራለች። ቤተ ክርስቲያንም እንደ ድሮው ወደ ውስጥ ገብታ አትቆምም፤ ከማይቆርቡት ጋር ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ትቀመጣለች። ምን ሆነሽ ስላት ጉልበቴ ነው ትለኛለች። ጉልበቷን አሽቼላታለሁ፣ ሐኪም ቤት ወስጃታለሁ፣ ዱላ ገዝቼላታለሁ። በዱላዋ ገበያ ስትዞር ትውላለች። እሁድ እሁድ ብቻ የሚያም ጉልበት እንዴት ያለ ጉልበት ነው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። አጋጣሚ ነዋ። እኔ እኮ በምልክት አላምንም።

ልጄ አምስተኛ ክፍል ስትደርስ ዘሯን ቆጥራ እንድትመጣ ከትምህርት ቤት ታዘዘች። አያቷ ዘንድ ተቀምጣ ከሰዓቱን ሙሉ ስታጠና ዋለችና እራት ላይ ተነሥታ ቆመች፤ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ከኔ ጀምራ ወደ ላይ ትቆጥር ጀመር። ቄሱ ላይ ስትደርስ አባቷ አጨበጨበላት። እኔ ሥራዬ ሆኖ በጣቴ ቆጥሬያለሁ። ስድስት ነው። አንካሳውስ አልኳት። የቱ አንካሳ አለችኝ። ባሌ ስቆ፣ እንደ አጎትሽ ትረሳለች ይቺ ልጅ አለ። እናቴን አየኋት፤ ሳህኗን እያየች ነው።

በማግስቱ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ስትሞቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምንም ሳልጠይቃት ጀመረች።

"ያንን ሰውዬ የወለድኩት እኔ ነኝ" አለች። "ልቅሶሽን ስሰማ፣ እዚያው ጓዳ በር ላይ ወለድኩት። ለሽማግሌ ዋሸሁ፤ ለሕፃን ግን የሐሰት ዘር ማስጠናት አልቻልኩም።"

ለቄሱ፣ ለንስሐ አባቷ፣ ለማንም አልተናገረችም። ብናገር ትዳርሽን አፍርሱ ይሉኛል ብላ ፈራች። ሳትናገር ደግሞ በዚህ አፍ ሥጋ ወደሙ መቀበል አልሆነላትም። እንዲህ አድርጋ ያን ያህል ዓመት ዛፉ ሥር ተቀመጠች። እኔ ጉልበቷን እያሸሁ! በራሴ ተናደድኩ፤ እጇን ያዝኩ። በሕይወቷ ሙሉ ማንኪያ ሲወድቅ የእግዜርን አሳብ የምታነብ ሴት፣ እግዜር ራሱ በሽማግሌ ፊት አይሆንም ሲላት ለኔ ብላ አልሰማሁም አለችው።

ወደኔ ዞረች። አንቺ ሒሳብ ታውቂያለሽ አለችኝ። ጋሼ ያኔም የሚረሳ ሰው ነበር፤ ቆቡን እንኳ የሚረሳ። ያን ሁሉ ሰው ሲቆጥር እውነትም አንድ ዘሎ እንደሆነስ?

"አንካሳ ባይሆንም" አለች። "አንድ ሰው። በአጋጣሚ ኖሮ ሊሆን አይችልም?"

ያቺን ቃል ከአፏ ለመስማት ዕድሜዬን ሙሉ ተከራክሬያታለሁ። አሁን ግን መልሱን በእውነት ፈለግኩላት። ስለ አጎቴ አሰብኩ፤ ቃል ሲቀባበል ስለሚወድቅ ስም አሰብኩ፤ እውነቴን ነው፣ ለማጽናናት ብቻ አይደለም ያልኩት።

"ይችላል፣ እማ" አልኳት። "እንዲያውም ሳይኖር አይቀርም።"

ምን ያህል ይችላል አለችኝ። ብዙ አልኳት። ቁጥሩን አልጠየቀችኝም።

በዚያው ሳምንት ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። ምን እንዳለቻቸው አልነገረችኝም፤ ቀኖና ሰጧት፣ ጨረሰች። ከቀኖናው በኋላ በነበረው እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋ አፏ ላይ ነበር። ሳትናገር ገብታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ ልጄ አያቴ ታማለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ናት አልኳት፤ ቁርስ ላቀርብ ስል ክርኔ ነክቶት ማንኪያ መሬት ወደቀ። እናቴ ማንኪያውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ መናገር አትችል፣ ዐይኗ ብቻ ይስቃል።

"እንግዳ ሊመጣ ነው" አልኳት፤ ተነሥቼም በሩን ከፈትኩ።